ብርሃን ውስጥ ያለ ብር

ማክሰኞ ማታ ነው፣ ኢድሪያ ከተማ፣
ተራራ ከቧት፣ ወንዙ ብቻ ሲሰማ፣
ወንበር ላይ ቆሜ ስቀይር አምፖል፣
ያን ኃይል ቆጣቢ፣ ተጠማዞ አንጀት የሚመስል፣
አመለጠኝ።
ቀጭን ድምፅ ሰጠ፣ እንደ ሕፃን ሳል።

መጥረጊያ ላነሳ እጄን ስዘረጋ
ደረጃው ተንጓጓ፣ በሬም ሳይዘጋ
ሚልካ ደረሰች። አከራዬ፣ ሰማንያ አንድ ነው ዓመቷ፣
መስታወት ሲሰበር ይነግራታል አጥንቷ።

«ተው! መጥረጊያ አይነካም። አትርገጥ።
መስኮቱን ክፈት፣ ማሞቂያውን አጥፋ፣ ደረጃው ላይ እንቀመጥ።»

ተቀመጥን። እሷ ካፖርት ለብሳለች፣ እኔ በካልሲ ነኝ፤
ሩብ ሰዓት ምን ያህል እንደሚረዝም ያን ማታ ገባኝ።
«መሬት ላይ ሲወድቅ እንክብል ሆኖ ይሸሻል፤
አየር ላይ ሲወጣ ሳያንኳኳ ይገባል»
አለች፣ ስለ አንድ የጥንት ጎረቤት እንደምታወራ።

ባዜቃን ታውቀዋለች።
ከዚህ ደረጃ ሥር፣ ከእግራችን በታች ምድር፣
አምስት መቶ ዓመት ሰው ሲቦረቡር
የወጣበት ነው ያ ፈሳሽ ብር።
ባሏ ሎይዜ ሃያ ስድስት ዓመት ገባ፣ ወጣ፤
ክረምቱን ሙሉ በጨለማ ሄዶ በጨለማ መጣ።
ድንጋዩ ቀይ ነበር።
አንድ ቀን ሹካው በራሱ ጊዜ ሰሐኑን ያንኳኳ ጀመር።
ድዱ ደማ። ጥርሱን በመሐረብ ቋጠረ።
በሚወዳት ሚስቱ ላይ ያለ ጠባዩ ጮኸ፣ ደግሞም አፈረ።

«የሱ ባልዲ ሙሉ፣ ያንተ የመርፌ ጫፍ» አለች፣
«አትፍራው። አትናቀው።» ሁለት ጣቷን አጋጥማ አሳየች።
እኔም በልቤ አልኩ፦ ቋንቋዬስ መቼ ደበቀኝ ነገር፤
ብርሃን ብዬ ስጠራ ከፊት የቆመው ብር።

ገባን።
ያለፈው ዓመት ካላንደር ለሁለት ተቀደደ፤
በሰኔ ሰበሰብን፣ በጥቅምት ዱቄቱ ተዛቀ።
በፕላስተር ነካ ነካ፣ በእርጥብ ወረቀት አበስ፣
ወረቀቱም፣ ፕላስተሩም፣ ጓንቱም ሳይቀር አብሮ እንዲታፈስ።
«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይላል ያገሬ ተረት፤
ባዜቃው ገባ ማርማላታ ብልቃጥ፣ የኮክ ሥዕል ያለበት።
ክዳኑን አጠበቀች። እጇ አልተንቀጠቀጠም።
«ከቤት ቆሻሻ ጋር ልጣለው?» ብላት መልስ አልሰጠችኝም፤
መስኮቱን አሳየችኝ። ጨለማው ውስጥ ወንዙ ይሄዳል።
ሎይዜ ዓሣ አጥምዶ እዚያው መልሶ ይለቅ ነበር አሉ፤
«ለምን?» ሲሉት፣
«እሱም ያውቃል።»

ቅዳሜ።
አውቶቡስ ላይ ብልቃጡን ጭኗ ላይ አኖረች፣
እንደ ታቃፊ ዶሮ፣ ማንንም ሳታይ ዝም አለች።
ከከተማው ዳር አጥር አለ፣ የተጣለ ሁሉ ስም የሚያገኝበት፤
ባትሪ ከባትሪ፣ ቀለም ከቀለም፣ የሞተ ቴሌቪዥን የተሰለፈበት።
ብርቱካናማ ጓንት ያጠለቀ ወጣት፣ ዓይኑ ከስልኩ ሳይነሣ፣
«ሙሉው እዚህ፣ የተሰበረው እዚያ።»
ሚልካ አልሰጠችውም። ቀና እስኪል ጠበቀች።
«ቀስ አድርገህ ያዘው፤ የሰፈራችን ልጅ ነው» አለች።

ወጣቱ ኮኩን አይቶ ሳቀ። ከዚያ እሷን አየ፣ ሳቁን ተወ፤
በሁለት እጁ ተቀበላት።
«ወዴት ትወስዱታላችሁ?»
«ፋብሪካ። መስታወቱ ለብቻ፣ ብረቱ ለብቻ፣ ባዜቃው ለብቻ።»
«ከዚያስ?»
ትከሻውን ሰበቀ። ማዕድኑ ተዘግቷል፣
ወደ ወጣበት እንዳይመለስ በሩ ተደፍኗል፤
ዓለምን ዞሮ በእኔ ጣሪያ በኩል የመጣ እንግዳ
ማደሪያ የለውም።

ስንመለስ ወንበሩ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ
እጆቿ ክብ እንደ ሆኑ ነበሩ፣ ብልቃጡ ከወጣ
በኋላም፣ እስከ ቤት።

ማታ አዲሱን አምፖል አመጣሁ፣ ባዜቃ የሌለበት።
ወንበሩን ያዘችልኝ። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ
ካርቶኑን አገላበጠች፣ የደቀቀውን ጽሑፍ ወደ ዓይኗ አስጠግታ፦
«ይሄኛውስ፣» አለች፣ «ውስጡ ምን አለ?»